በዘውዴ ካርድ የታከምኩ ጊዜ

ሕመሜን መጀመሪያ ያየሁት ማንኪያ ላይ ነው። ሲኞራ ፒናን ሾርባ የማጎርሳቸው እኔ ነበርኩ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ እኔን የቀጠሩኝም እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ነው። አንድ ቀን ማንኪያውን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ሾርባው ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አሎራ፣ እንግዲህ ለሁለታችንም ሌላ ሰው ሊቀጠር ነው» አሉ። ሳቅን። በማግስቱም ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን አልሳቅንም።

ስሜ ትርንጎ ነው። ደሴ ተወለድኩ፣ አሰብ ሻይ ሸጥኩ፣ ጅዳ የሰው ልጅ አሳደግኩ። ሮም የመጣሁት የጅዳ አሠሪዎቼ ለዕረፍት ሲመጡ ልጆቻቸውን ይዤ ነው፤ እነሱ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ። ያኔም አያት ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ወደ ጎን ቢል ታገሱኝ፣ ዞሬ እመለሳለሁ። የምጽፈው እንደኔ ወረቀት ሳይኖራቸው ሰው ቤት ገብተው ሽማግሌና አሮጊት ለሚጦሩ ሴቶች ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ነው የማውቀው።

ከእጄ ቀጥሎ ልቤ መጣ። ደረጃ ሳልወጣ፣ ምንም ሳላነሳ፣ ቁጭ ብዬ ካልሲ ስጠግን ደረቴ ውስጥ ሰው የሚሮጥ ይመስለኛል። ላቡን መጀመሪያ የነሐሴ ሙቀት ነው ብዬ ነበር። ነሐሴ አለፈ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ እኔ ግን መስኮት እከፍታለሁ። ሲኞራ ፒና በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ «ትርንጎ፣ ልትገድዪኝ ከሆነ ፈጠን ያለ መንገድ አለ» ይሉኛል። ፓስታ ሁለት ሰሐን እበላለሁ፤ ቀሚሴ ግን በየሳምንቱ ይሰፋኛል። ስተኛ ጆሮዬን ትራሱ ላይ ሳሳርፍ የምሰማው የራሴን ልብ ነው። እንቅልፍ አይመጣም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚህ ብሞት በማን ስም ይቀብሩኛል?

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነልኝ። የሰፈሩ ፋርማሲ ያለችው ልጅ ነርቭ ነው ብላ የቅጠል ጠብታ ሸጠችልኝ። በውኃ ጠጣሁት፤ ጥሩ ሽታ ነበረው፣ ሌላ ነገር አልነበረውም። አንዷ ጓደኛችን ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ ናፍቆት ነው አለች፣ ሌላዋ የዕድሜ ሙቀት ነው አለች። ጠበልም ጠጣሁ። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ በስልክ፣ «እማዬ፣ ድምፅሽ ምነው ይንቀጠቀጣል?» ስትለኝ መስመሩ ነው አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሮም ሰው ቤት የሚሠራ ሁሉ ዕረፍቱ ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች የሐበሻ ባር እንገናኛለን። ከሁሉ የምቀርባት ዘውዲቱን ነው፤ ዘውዴ እንላታለን። በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። አንድ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ትጠብቃለች። እሷ ወረቀት አላት፤ ፔርሜሶዋን፣ በየጊዜው የሚታደሰውን ፈቃድ፣ ይዛ አምስት ዓመት ስለሞላት ካርታ ዲ ሶጆርኖ አመልክታ ነበር። ይሄ በየጊዜው የማይታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ካርታውን የያዘ ሰው አሠሪው ቢሞትም፣ ቢያባርረውም አገር ልቀቅ አይባልም። ሁላችንም ስንመኘው የምንኖረው ነገር ነው።

አንድ ሐሙስ የሻይ ብርጭቆው በእጄ ሲንቀጠቀጥ አየችና፣ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ጨዋታ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አለችኝ።

«በምን ወረቀቴ?»

«በኔ።» ቴሴራዋን፣ ማለትም የሕክምና ካርዷን፣ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እዪው፣ ፎቶ የለውም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቁጥር፣ በቃ።»

«ሐኪምሽ አያውቅሽም?»

«የድሮው ጡረታ ወጣ። አዲሷን አይቻት አላውቅም። የወር ኪኒኔን ማዘዣ፣ ሪቼታውን፣ ጸሐፊዋ በፖስታ አድርጋ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ በር ላይ ትሰጠኛለች።»

ከጎናችን ያለችው፣ «በስምንት ዓመት ልጅ ሆነሽ ነው የምትወጪው፣ አንገትሽን ሸፍኚ እንጂ» አለች። ሁሉም ሳቁ።

አሁን የሚያነብ ሰው ምን ነካቸው ሊል ይችላል። እኛ እንደዚያ ነበርን። የስልኬ ቁጥር በዘውዴ ስም ነው የወጣው። ለልጄ ገንዘብ የምልከው በዘውዴ ስም ነው። ወረቀት ያላት አንድ ሴት ስሟን ለአራት ለአምስት ታበድራለች፤ ነውር አይደለም፣ ደግነት ነው። ያለ ወረቀት ሐኪም ቤት የገባን ሰው ፖሊስ ይወስደዋል ብለንም እናምን ነበር። ማን እንደነገረን አላውቅም፤ የጠየቀም አልነበረም።

በትራም ስንሄድ ዘውዴ አስጠናችኝ። የትውልድ ቀኗን፣ የእናቷን ስም፣ የምትኖርበትን መንገድ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ስሟን አጠናሁ። በሽታዋን ማጥናት ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። እሷ ማቆሚያው ላይ ቀረች፣ እኔ ገባሁ።

ዶቶሬሳዋ፣ ሐኪሟ ማለት ነው፣ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች። የልቤን ምት ሰማች፣ እጄን ዘርግቼ እንድይዝ አደረገች፣ ከዚያ ኮምፒዩተሯ ላይ የዘውዴን ታሪክ ከፈተች።

«ለእንቅርት ዕጢዎ ኪኒን ይወስዳሉ አይደል?»

«ሲ» አልኩ። ዘውዴ ኪኒን እንደምትውጥ አውቃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

«በየቀኑ? አይረሱም?»

«አልረሳም።» እንዲያውም ዘውዴ ጎበዝ እንድትባል ፈልጌ ነበር።

ደም አስወሰደችኝ። ውጤቱን ይዤ ስመለስ ነገሩን በጣቷ ጉሮሮዋን እያሳየች አስረዳችኝ። ጉሮሮ ሥር ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች። ሰውነት በምን ያህል ፍጥነት እንዲሄድ የምታዘው እሷ ናት። የሚወስዱት ኪኒን በዝቶ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለብዎትም፣ ግማሽ እንቀንሰው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይምጡ አለችኝ። ሪቼታው እንደ ሁልጊዜው በፖስታ ይሆናል አለች። አመሰገንኩና ወጣሁ።

የማልውጠው ኪኒን በግማሽ ተቀነሰልኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ሐኪም መድኃኒት ሲቀንስ በሽታው ቀላል ነው ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ዘውዴ ምን አለችሽ ስትለኝ፣ «ምንም የለብሽም፣ ያልፋል አለችኝ» አልኳት።

አላለፈም። በስድስተኛው ሳምንት ተመልሼ ስሄድ ደሜ ያው ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። ዶቶሬሳዋ ግንባሯን ቋጠረች። እንግዲያው ኪኒኑን ጨርሰን እናቁመው አለች። እኔም ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ።

አሁን ወደምታሳፍረኝ ሐሙስ ልምጣ። ታኅሣሥ ገብቷል፣ ውጭ ብርድ ነው። ባሯ ውስጥ ከዘውዴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እኔ ካፖርቴን አውልቄ የምግብ ዝርዝር ባለበት ወረቀት ፊቴን አራግባለሁ፤ እሷ በሻሽ ላይ ሻሽ ጠምጥማ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ትንቀጠቀጣለች። ፊቷ አብጧል። ድምፅዋ እንደ ወንድ ሆኗል። ስታወራ ቃሉን ፈልጋ ነው የምታገኘው።

የባሯ ባለቤት ሳህን ይዛ ስታልፍ፣ «እናንተን አቀላቅሎ ለሁለት ማካፈል ነበር» አለች።

ዘውዴ ቀስ ብላ፣ «ኪኒኔ እኮ ግማሽ ሆነብኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «ፓኬቱ ላይ የኪኒኑ መጠን መቶ ይል ነበር፣ አሁን ሃምሳ ይላል። ርካሹን ሰጥተውኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ባለፈው ደግሞ ፖስታው ውስጥ ለደም ምርመራ የታዘዘ ወረቀት ብቻ እንጂ የኪኒኑ ሪቼታ የለም።»

ማራገቢያዬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሐኪሟ ያለችኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። ዘውዴ እጇን ከብብቷ አውጥታ የነገርኳትን በጣቷ ቆጠረች። መርሳቷ ይሁን ማሰቧ ለመለየት ያስቸግር ነበር። በመጨረሻ፣ «እና የኔን ኪኒን ላንቺ ቀነሰችልሽ» አለች።

«አዎ።»

«ያንቺን በሽታ ለኔ ሰጠችኝ።»

«አዎ፣ ዘውዴ።»

ሄደን እውነቱን እንናገር አለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለካርታዋ ክዌስቱራ የቀጠሯት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ በፖሊስ ጽሕፈት ቤት የጣት አሻራ ሰጥታ የምትረከብበት ቀን። ካርድ ማከራየት፣ ማበደር ምን እንደሚያስቀጣ አናውቅም። አምስት ዓመት የጠበቀችው በኔ ጉሮሮ ምክንያት ቢበላሽ ምን ብዬ አያታለሁ። «ካርታሽን ያዢ፣ ከዚያ እንሄዳለን። ልቤ ሦስት ሳምንት አያጣም» አልኳት። አያጣም ያልኩት ሳላውቅ ነው። በዚያን ጊዜ ሲኞራ ፒናን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳዛውር ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀምሬ ነበር፤ አንዴማ አብረን አልጋው ላይ ተቀምጠን ቀረን፤ ማን ማንን እንደሚያነሳ ተያየን።

ሰኞ ጠዋት የቤቱ ደወል ተደወለ። ዘውዴ ናት። በሥራ ቀን መጥታ አታውቅም።

«ወተት ጥጄ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች ገና በሩ ላይ። «የቀሰቀሰኝ የሽማግሌው ሳል ነው። ቤቱ ጭስ ሆኗል።»

«ሽማግሌው ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ልጃቸው መጥቷል። ተነሽ፣ እንሂድ።»

«ሦስት ሳምንት እኮ ነው የቀረሽ፣ ዘውዴ።»

«የሰው አባት አቃጥዬ ካርታ ልይዝ? ካፖርትሽን ልበሺ።»

«እኔ ሞቆኛል።»

«እንግዲያው ለኔ ደርቢልኝ።»

የሲኞራ ፒና ልጅ ካርላ ከላይ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ጠራኋትና እናቷን ተረከበችኝ። የት እንደምሄድ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

የሐኪሟ ተራ መጠበቂያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ዙሪያ ወንበር፣ መሐሉ ላይ ያረጀ መጽሔት። ሮም ውስጥ ሐኪም ጋ ቁጥር የለም፤ የገባ ሰው «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ ይጠይቅና ከዚያ ሰው በኋላ ይገባል። እኛ ከአንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በኋላ ነበርን። ሽማግሌው እኔ ሳራግብ፣ ዘውዴ ስትንቀጠቀጥ አይተው፣ «ከሁለታችሁ የምትገባው የትኛዋ ናት?» አሉን። ዘውዴ «ሁለታችንም» አለች። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ተራቸውን ለቀቁልን። ስማቸውን አላውቅም። እንዲህ ያለው ነገር ሰው ሲታመም አይረሳውም።

ገባን። ዶቶሬሳዋ እኔን አይታ፣ «ሲኞራ ዘውዲቱ፣ ቀጠሮዎ ገና ነው» አለች።

ዘውዴ፣ «ዘውዲቱ እኔ ነኝ» አለች።

የጣልያንኛው ቃል ተዘበራረቀብን፤ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ እየጨረሰች ነገርናት። እርሳሱን ከፀጉሯ አወጣች፣ መልሳ ሰካችው። ኪኒኑን የሚውጠው ማነው አለች። ዘውዴ እጇን አነሳች። ከዚያ ዶቶሬሳዋ ከወንበሯ ተነሥታ መሐላችን ቆመችና በቀኝ እጇ የኔን፣ በግራ እጇ የዘውዴን የእጅ አንጓ ያዘች። ዝም ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ቆጠረች። የኔ ይሮጣል፣ የእሷ ይተኛል።

«ሁለታችሁ ብትደመሩ አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣችኋል» አለች። አልሳቀችም። «ግን አትደመሩም።»

ቀጥላ ተቆጣችን፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። የኔ ዕጢ ያለ ኪኒን በራሷ ጊዜ ያበደች ናት፤ የዘውዴ ደግሞ የሰነፈች ናት፣ ያለ ኪኒን አትሠራም። የእርስዎ ሕመም ምልክት የእሷ ኪኒን ሲበዛ ከሚመጣው ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩን አምኜ ተሳሳትኩ አለች። ሌላ ሁለት ወር ብትቆዩ የእርስዎ ልብ፣ የእሷ ደግሞ እንቅልፍ ወደማይመለስበት ይሄድ ነበር አለች።

ፖሊስ ትጠሩብናላችሁ ወይ ብላ የጠየቀችው ዘውዴ ናት። ዶቶሬሳዋ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ሲገባት ዓይኗን ጨፈን አደረገች። በዚህ አገር ሐኪም በታመመ ሰው ላይ በወረቀት ምክንያት እንዳያሳብቅ ሕጉ ይከለክለዋል አለች። ወረቀት የሌለው ሰው በራሱ ስም የሚታከምበት ቁጥር አለ፣ ኤስ ቲ ፒ ይባላል፣ ለጊዜው አገር ውስጥ ላለ የውጭ ሰው ማለት ነው፣ በነፃ ይሰጣል አለች። የሚሰጥበትን ቦታ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ። ለዘውዴ መቶውን ኪኒን መለሰችላት። የተበላሸውን መዝገብ የምችለውን ያህል አቃናለሁ፣ ሁለተኛ ግን እንዳትለምኑኝ አለች።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። አጠገቤ እርጉዝ ሴት ነበረች፣ ከየት አገር እንደሆነች አላውቅም፤ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ቁጥሬ ሲጠራ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሰውየው ሳያየኝ «ስም?» አለኝ። የዘውዴ ስም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥ አደረግኩትና፣ «ትርንጎ» አልኩ። «የአባት ስም?» አለኝ፤ ነገርኩት። «የተወለዱበት ቀን?» አለኝ፤ እናቴ የነገረችኝን ዓመት ነገርኩት። አተመና ሰጠኝ። አንድ ተራ ወረቀት ነው። ከላይ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስሜ፣ ከታች ቀኑና ማኅተሙ። አምስት ዓመት ሮም ኖሬ ስሜ ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት።

መድኃኒቱ ትንሽ ኪኒን ነው፤ ዕጢዋን ቀስ አድርጎ ያስተኛል። ፈጥኖ አይሠራም። በመጀመሪያው ወር ልቤ ተረጋጋ፣ በሁለተኛው ላቡ ቆመ፣ በሦስተኛው ቀሚሴ መጠነኝ። ሲኞራ ፒና ሾርባቸውን ሳይፈስ ጨርሰው፣ «ምነው፣ የሚያስቀው ነገር ቀረ» አሉኝ። ዘውዴም ፊቷ ተመለሰ፤ ድምፅዋ ግን ትንሽ ወፍራም ሆኖ ቀረ፣ ያምርባታል። ክዌስቱራ በቀጠሮዋ ቀን የጣት አሻራ ሰጥታ ካርታዋን ያዘች። ማንም ስለ ሐኪም ቤት አልጠየቃትም።

ልጄ ግን ስነግራት ተቀየመችኝ። «የማላውቀው ሕመም ታመሽ የማላውቀው ሰው ሆነሽ ትታከሚያለሽ?» አለችኝ። ለብዙ ሳምንት ስልኩን ለልጇ ነበር የምትሰጠው። ከልጅ ልጄ ጋር ስለ ድመት እናወራ ነበር። ቀስ በቀስ ተመለሰች።

ስሜ ያለበትን የኤስ ቲ ፒ ወረቀት ረስቼው ነበር። በዓመቱ ሳናቶሪያ ወጣ ተባለ፤ ያለ ወረቀት ሰው የሚያሠሩ አሠሪዎች ሠራተኛቸውን ለመንግሥት አስታውቀው ሕጋዊ የሚያደርጉበት ዕድል ነው። ካርላ ለእናቷ ስትል ፈረመች። አብረን ፓትሮናቶ ሄድን፤ የሠራተኛ ፎርም የሚሞላ ቢሮ ነው። ሰውየው ደግ ይመስላል። ካለፈው የፈረንጅ ዓመት ማብቂያ በፊት ጣልያን ውስጥ እንደነበሩ የሚያሳይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰጠው ወረቀት ያምጡ አለኝ።

ቤት ሄጄ ሻንጣዬን ገለበጥኩት። የገንዘብ ደረሰኝ ነበረኝ፤ ዘውዲቱ ይላል። የስልኩ ውል ነበረኝ፤ ዘውዲቱ ይላል። የደም ምርመራው ውጤት ነበረኝ፣ የገዛ ደሜ ነው፤ ዘውዲቱ ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ ዘውዴ ሁለት ሰው ሆና ስትኖር እኔ የለሁም። ልታግዘኝ ከላይ የወረደችው ካርላ፣ «እንዴት አንድ ነገር ይጠፋል?» ስትል ሰማኋት። ያኔ ብርቱካን የሰጠችኝ ሴት ትዝ አለችኝ። ወረቀቱ ጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ የፓትሮናቶው ሰውዬ እጥፋቱን ዘርግቶ ቁጥሩን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ቀኑን በጣቱ ይዞ ከጠረጴዛው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያየ። ዓመቱ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የተሰጠው። «ይበቃል» አለ። ዘውዴ እኔን ሰምታ ሦስት ሳምንቱን ጠብቃ ቢሆን ኖሮ አይበቃም ነበር። ይሄን ለዘውዴ ስነግራት፣ «እኔ ለወተቱ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ሲኞራ ፒና ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ እጄ ላይ ነው ያረፉት። ሌላ ቤት ገባሁ። አሁን እኔም ካርታ አለኝ፣ ቴሴራም አለኝ፣ ኪኒኑን ካቆምኩ ቆይቷል፤ በዓመት አንዴ ደም እሰጣለሁ። ጉሮሮዋ ያበጠ፣ ልቧ የሚሮጥ፣ እየበላች የምትከሳ ሴት ካለች በራሷ ስም ትመርመር። ወረቀት የላትም ቢሉ ለእሷም ወረቀት አለ።

ሐኪማችን ያቺው ዶቶሬሳ ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ እርሳሱ አልተለወጠም። በዓመት አንዴ የኔን የደም ምርመራ ትዕዛዝ ለመውሰድ ከዘውዴ ጋር እንሄዳለን። ጸሐፊዋ ሁለት ፖስታ ታወጣለች። ከበሩ ሳንወጣ እሷ የኔን ትከፍትና ስሙን ታነባለች፣ እኔ የእሷን እከፍትና አነባለሁ። ዘውዴ፣ «ትርንጎ ይላል» ትለኛለች። እኔም፣ «ዘውዲቱ ይላል፣ መቶ ይላል» እላታለሁ። ከዚያ ፖስታ ተለዋውጠን፣ የየራሳችንን ይዘን ወደ ትራሙ እንሄዳለን።